የቤት አኳሪየም ጌጥና ተክል አመራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አኳሪየም፣ ማለትም የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ፣ ለማዘጋጀት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ጌጡ ላይ ነው። የሰመጠ መርከብ፣ ሮዝ ጠጠር፣ ክዳኑን እየከፈተ አረፋ የሚተፋ ሣጥን። ዓሣው መጨረሻ ላይ ይታሰባል። ከታች ያሉት መልሶች ግን ከዓሣው ይነሳሉ፤ እዚያ ውስጥ ሌት ተቀን የሚኖረው እሱ ነውና። የማወራው ጨው ስለሌለው ውሃ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ አኳሪየም የራሱ ጣጣ አለው።

መጀመሪያ ምን ልግዛ? ጌጡን ወይስ ዓሣውን?

ለጊዜው ሁለቱንም አትግዙ። መጀመሪያ የትኛውን ዓሣ እንደምታኖሩ ወስኑ። ለአንዱ የተመቸ ቤት ሌላውን ሊያሰቃይ ይችላል።

ኒዮን ቴትራን ውሰዱ። የመጣው ከአማዞን ተፋሰስ ነው። እዚያ ዛፍ ያጠላበት፣ ቅጠል የረገፈበት ጠቆር ያለ ውሃ ለምዷል። ነጭ ጠጠርና ደማቅ መብራት ያለበት ገንዳ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይገረጣል፣ ጥግ ይዞ ይቆማል። ጠጠሩን ጠቆር ባለ ለውጡለት፣ ከላይ ትንሽ ተንሳፋፊ ተክል ጣል አድርጉለት፤ ያ ሰማያዊ መስመሩ ቦግ ይላል።

የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች ደግሞ ሌላ ናቸው። የሚፈልጉት የድንጋይ ክምር፣ ዋሻና ስንጥቅ ነው። ተክል ብትተክሉላቸው ብዙዎቹ ወይ ይነቅሉታል ወይ ይበሉታል። ኮሪዶራስ መሬቱን እየፈለፈሉ ስለሚበሉ ለስላሳ አሸዋ ይሻላቸዋል፤ ስለታም ጠጠር ጢማቸውን ይጎዳል። ቤታ ብቅ እያለ አየር ይስባል፣ ስለዚህ የውሃው ገጽ ሙሉ በሙሉ በተክል መዘጋት የለበትም። ከገጹ ዝቅ ብሎ የሚጋደምበት ሰፊ ቅጠል ካገኘ ግን ደስታው ነው። ጋፒ የምታረቡ ከሆነ ጫጩቶቹ የሚደበቁበት ጥቅጥቅ ያለ ተክል ግድ ነው። እናትየዋ ራሷ ካገኘቻቸው ትበላቸዋለች።

ጠጠር ይሻላል አሸዋ?

ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ የከበበ ጠጠር ለብዙ ዓሣ ይሆናል፣ ለተክልም ሥር ይመቻል። አሸዋ ያምራል፤ ቆሻሻው ግን ውስጡ አይገባም፣ ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ይሄ ለአንዳንዱ ሰው ጉድለት ነው። ለእኔ ጥቅም ነው፣ የሚታይ ቆሻሻ ቶሎ ይጠረጋል።

ተክል የምትተክሉ ከሆነ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ስጡት። ስንት እንደሚበቃችሁ ለማወቅ ርዝመቱን በስፋቱ፣ ከዚያ በጥልቀቱ አባዙና ለ1000 አካፍሉ። 60 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ገንዳ 5 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት 9 ሊትር ጠጠር ያስፈልጋል ማለት ነው። ከመክተታችሁ በፊት በባልዲ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። ሳሙና የሚባል ነገር አታስጠጉ። ይሄ ለጠጠሩ ብቻ አይደለም፣ ወደ ገንዳው ለሚገባ ለማንኛውም ነገር ነው።

ከደጅ ያነሳሁትን ድንጋይ ብከትስ?

ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ይፈተን። ችግሩ የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይና እምነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ ይሟሟሉ፣ ፒኤቹን (የውሃውን አሲድነት የሚለካውን ቁጥር) ከፍ ያደርጋሉ፣ ውሃውን ያጠነክራሉ፣ ማለትም የሟሟ ማዕድን ያበዙበታል። ለማላዊና ለታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊዶች ይሄ ሲሳይ ነው። ጋፒና ሞሊም አይከፋቸውም። ለኒዮን ቴትራና ለዲስከስ ግን አይሆንም።

ፈተናው ቀላል ነው። ድንጋዩን አድርቁትና በምስማር ጫር ጫር አድርጉት። የተጫረው ቦታ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ጆሯችሁንም አቅርቡ። ትንንሽ አረፋ ከወጣ፣ ወይም ስስ የሆነ የመንጫጫት ድምፅ ከሰማችሁ ኖራ አለበት። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ አንዳንዴ አረፋው በጣም ትንሽ ነው፤ ቸኩላችሁ "ደህና ነው" አትበሉ። ግራናይትና ባዛልት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋሉ።

ሌላው የሚታይ ነገር ብረት ነው። ዝገት የመሰለ መስመር ወይም የሚያብለጨልጭ የማዕድን ቅንጣት ያለበትን ተዉት። በተለይ መዳብ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው።

ድንጋይ አትቀቅሉ፣ ምድጃ ውስጥም አትክተቱ። ውስጡ የተደበቀ እርጥበት ሲግል ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል። በብሩሽ መፈተግና የፈላ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል።

ስታስቀምጡት ደግሞ ትልልቁ ድንጋይ ከጠጠሩ በፊት ይግባ፣ መቀመጫውም የገንዳው ወለል ይሁን። ጠጠር ላይ ከተቀመጠ የሚቆፍር ዓሣ ከሥሩ ይሸረሽረዋል። ከዚያ ድንጋዩ ወይ ዓሣው ላይ ወይ መስታወቱ ላይ ይወድቃል። ለመስታወቱ ከሳሳችሁ ከድንጋዩ ሥር ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ አድርጉ።

እንጨት ከተትኩ፣ ውሃው ሻይ መሰለ። ምን ተበላሸ?

ምንም። ቀለሙ ታኒን ነው፣ ከእንጨቱ የሚወጣ። ፒኤቹን በትንሹ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ከጠቆረ ውሃ የመጡ ዓሦች እንዲያውም ይወዱታል። ዓይናችሁን ከረበሻችሁ እንጨቱን አንድ ሁለት ሳምንት ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ውሃውን እየቀየራችሁ። ድስት ውስጥ የሚገባ ከሆነ አንድ ሁለት ሰዓት ቀቅሉት፤ መቀቀሉ እንጨቱ ቶሎ እንዲሰምጥም ይረዳል። ማጣሪያው ውስጥ አክቲቬትድ ካርቦን (ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል) መጨመርም ቀለሙን ይስበዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ ጥጥ መሳይ ነገር እንጨቱን ሊያለብሰው ይችላል። ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያና ፈንገስ ነው፣ ከእንጨቱ የሚወጣውን ስኳር እየበላ የሚያድግ። ዓሣ አይጎዳም፣ ምግቡ ሲያልቅ ራሱ ይጠፋል። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ካላችሁ ደግሞ ሙልጭ አድርገው ይበሉታል።

ከደጅ እንጨት የምታመጡ ከሆነ የደረቀ፣ ጠንካራ፣ ልጡ የተላጠ ይሁን። ገና እርጥብ የሆነ ቅርንጫፍ ይበሰብሳል። እንደ ጥድ ሙጫ የሚወጣውን ዛፍ ተዉት። ጸረ ተባይ የተረጨበት ማሳ ወይም የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ አጠገብ የተገኘውንም እንደዚያው።

ዛጎልና ኮራልስ?

እነሱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ስለ ኖራ ድንጋይ ያልኩት ሁሉ ለእነሱም ይሠራል። ጠባብ አፍ ያለው ትልቅ ዛጎል ውስጥ ዓሣ ገብቶ ሊቀረቀር እንደሚችልም አትርሱ። የታንጋኒካ ትንንሽ ሲክሊዶች ግን ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩና የሚራቡ አሉ። ለእነሱ ዛጎሉ ቤታቸው ነው።

የፕላስቲክ ተክል ይሻላል ወይስ እውነተኛ?

የፕላስቲኩን አልንቅም። ተክል ለሚፈጅ ዓሣ፣ ወይም መብራቱ ደካማ ለሆነ ገንዳ ከምንም ይሻላል። መደበቂያ ይሆናል፣ አይሞትም። እውነተኛው ግን ሥራ ይሠራል። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያና በኋላ የሚጠራቀመውን ናይትሬት ይመገባል። ከአልጌ፣ ማለትም ገንዳውን አረንጓዴ ከሚያለብሰው ነገር፣ ጋር ምግብ ይሻማል። ቀን ላይ ኦክስጅን ይሰጣል።

ይህ የታወቀው ዛሬ አይደለም። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ጎልድፊሽንና ቫሊስኔሪያ የተባለውን ተክል አንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ ውጤቱን አሳተመ። ዓሣውና ተክሉ ተስማሙ፣ ግን የበሰበሰ ቅጠልና አረንጓዴ ዝቃጭ አስቸገረው። መፍትሔ የሆነለት ቀንድ አውጣ መጨመሩ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማታ መብራት ሲጠፋ ተክልም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይጠቀማል። በተክል የተጨናነቀ ገንዳ ውስጥ ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ የማታ አየር ጨምሩ፣ ወይም የማጣሪያውን አፍ የውሃውን ገጽ እንዲያንቀሳቅስ አዙሩት። ተክል አለኝ ብላችሁም ውሃ መቀየር አታቁሙ።

የተገዛ ጌጥ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሦስት ነገር። አንደኛው ሽታ ነው። የቀለም ወይም የኬሚካል ሽታ ያለውን እዚያው መልሱት። ሁለተኛው ቀለም ነው። ነጭ ባልዲ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ ጌጡን ክተቱና አሳድሩት። ጠዋት ውሃው ቀለም ከያዘ ወይም ላዩ ላይ ቅባት ከታየ አይሆንም። ሦስተኛው ስለት ነው። አሮጌ ስቶኪንግ ውሰዱና ጌጡ ላይ ጎተት አድርጉ። ስቶኪንጉን የያዘ ነገር የቤታንና የጎልድፊሽን ክንፍ ይቀዳል። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል፤ የፕላስቲክ ተክል ከሆነ ግን የጨርቁን ብትገዙ ይቀላል።

ውስጡ ክፍት የሆነ ጌጥ ሲሆን ቀዳዳውን እዩ። ዓሣው ወይ በደንብ የሚያልፍበት፣ ወይ ጭራሽ ጭንቅላቱን የማያስገባበት መሆን አለበት። መካከለኛው ነው ወጥመዱ። ውሃ የማይዘዋወርበት ባዶ ጉድጓድም ምግብ እያጠራቀመ ይበሰብሳል።

ቀለም ያልተቀባ ተራ የሸክላ ማሰሮ ወይም የአበባ ማስቀመጫ በጎኑ ሲጋደም ጥሩ ዋሻ ይወጣዋል። እውነቱን ለመናገር ዓሣው ከሸክላውና የቤተ መንግሥት ቅርጽ ካለው ጌጥ አያበላልጥም።

ተክል ይዞልኝ አያውቅም። የማይሞትብኝ የትኛው ነው?

አኑቢያስ። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣ ተክል ነው፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ ዕድገቱ ዝግ ያለ። መብራት ቢያንስ፣ ማዳበሪያ ባይኖር አይሞቀው አይበርደው። ጃቫ ፈርንም እንደሱ ነው። ሁለቱን የሚገድላቸው አንድ ስህተት አለ፤ እሱም መቅበር ነው። ቅጠሉና ሥሩ የሚወጡበት አግድም የተኛ ወፍራም ግንድ አላቸው። ያ ግንድ ጠጠር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ስለዚህ አትትከሏቸው፣ እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ በክር እሰሯቸው። ጄል የሆነ ሱፐር ግሉም ይሠራል። ግንዱን በጨርቅ አድርቁና ጠብታ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፤ ከደረቀ በኋላ ለዓሣ ጉዳት የለውም። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ሥሩ ራሱ ድንጋዩን ይጨብጣል።

ጃቫ ሞስም ቀላል ነው። ለኋላ ግድግዳ ረጅም ነገር ከፈለጋችሁ ቫሊስኔሪያ አለ፣ ሥሩ ጠጠር ውስጥ ይገባል፣ ቅጠሉ የሚወጣበት አንገቱ ግን ከላይ ይቀራል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ቶሎ የሚያድግ ነገር ካስፈለገ ሆርንወርት ነው። ሥር የለውም፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ እንደ ጉድ ያድጋል።

ተጠንቀቁ፣ የውሃ ተክል እየተባሉ የሚሸጡ የየብስ ተክሎች አሉ። "ላኪ ባምቡ" የሚባለው ድራሲና ዋነኛው ነው። ቅጠሉ ከውሃ በላይ ከዋለ ይኖራል፣ ሙሉ በሙሉ ከሰመጠ ግን ቀስ እያለ ይበሰብሳል።

የገዛሁት ተክል በሳምንቱ ቅጠሉ ቀለጠ። ልጣለው?

ቆዩ። ብዙዎቹ ተክሎች የሚራቡት ቅጠላቸው ከውሃ በላይ ሆኖ፣ እርጥብ አየር ውስጥ ነው። ሲሰምጡ የድሮው ቅጠል ለውሃ ውስጥ ኑሮ አይሆንም። ይጥሉትና ሌላ ያወጣሉ። በተለይ ክሪፕቶኮሪን በዚህ የታወቀ ነው፤ ቦታ ስለቀየራችሁት ብቻ ሙሉ በሙሉ ሊራገፍ ይችላል። ሥሩን ጎተት አድርጉት። ጠንካራና ነጣ ያለ ከሆነ በሕይወት አለ። ለስልሶ የሚሸት ከሆነ ጣሉት። የበሰበሰውን ቅጠል ቆርጣችሁ አውጡና ሦስት አራት ሳምንት ታገሱ። እየነቀላችሁ "ሥር ያዘ ወይ" ብላችሁ ማየት ደግሞ ራሱ ይገድለዋል።

ስትተክሉም ከተሸጠበት ትንሽ ማሰሮ ጋር አትትከሉ። ሥሩ ላይ የተጠቀለለውን ሱፍ መሳይ ነገር በእጅ እየለቀማችሁ አጽዱ፣ ረጅሙን ሥር በመቀስ አሳጥሩ።

መብራቱ ስንት ሰዓት ይብራ?

በቀን በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል። ታይመር ግዙ። በእጅ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ሁሌም ይረሳል። አዲስ ገንዳ ከሆነ በቀን 6 ሰዓት በማብራት ጀምሩ። አልጌ ሲመጣ የመጀመሪያው እርምጃ ሰዓቱን መቀነስ ነው፣ ሁለተኛው የዓሣውን ምግብ መቀነስ። ገንዳውን ቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት አጠገብ ካስቀመጣችሁት ግን ትግሉ አያልቅም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያ የግድ ነው?

ከላይ ለጠቀስኳቸው አይደለም። ቀይ ቅጠል ያላቸውና መሬት የሚሸፍኑት ድንክ ተክሎች ናቸው ይህን ሁሉ የሚጠይቁት። ለጀማሪ አልመክርም፣ ጋዙ ከበዛ ዓሣው ይታፈናል። አማዞን ስዎርድና ክሪፕቶኮሪን በሥራቸው ስለሚመገቡ ሥራቸው አጠገብ የሚቀበር የማዳበሪያ ኪኒን ይጠቅማቸዋል።

የጎደለውን ቅጠሉ ይነግራችኋል። አሮጌ ቅጠል ቢጫ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅን ነው። አሮጌው ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ከታየ ፖታሲየም። አዲሱ ቅጠል ገርጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት።

ጎልድፊሽ ተክሉን ጨረሰብኝ። ምን ይሻላል?

ጎልድፊሽ ለስላሳ ቅጠል አይምርም፣ ሥሩንም ቆፍሮ ያወጣል። አኑቢያስንና ጃቫ ፈርንን ድንጋይ ላይ አስራችሁ ስጡት፤ ቅጠላቸው ጠንካራ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋቸዋል። ዳክዊድ የሚባለውን ጥቃቅን ተንሳፋፊ ተክል ብትጨምሩለት ደግሞ ይበላዋል፣ ግን እሱ ምግቡ ይሁን።

ከተክሉ ጋር ቀንድ አውጣ መጣ

ይመጣል። ቅጠሉ ሥር በሚጣበቅ ሙጫማ፣ ጥርት ያለ ነገር ውስጥ እንቁላሉ ይደበቃል። አዲስ ተክል ስትገዙ እያንዳንዱን ቅጠል ገልብጡ፣ በውሃ አጥባችሁ አንድ ሁለት ሳምንት ብርሃን ባለበት ባልዲ ውስጥ ለብቻው አቆዩት።

ከገባ በኋላ ግን አትጨነቁ። ጥቂት ቀንድ አውጣ የበሰበሰ ቅጠልና አልጌ ይበላል። ከበዛ ምግብ እየበዛ ነው ማለት ነው። ምግቡን ቀንሱ፣ ማታ የሰላጣ ቅጠል አስገቡና ጠዋት ከነተሰበሰበው አውጡት። በመዳብ የተሠራ መድኃኒት አትጠቀሙ፣ ሽሪምፑንም ይጨርሳል፣ ውስጥ የሞተው ቀንድ አውጣም ውሃውን ያበላሻል።

እንዴት ባስቀምጥ ነው ዓይን የሚስበው?

ረጅሙን ከኋላ፣ አጭሩን ከፊት። ዋናውን ድንጋይ ወይም እንጨት መሐል ላይ አትትከሉት፤ ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛው ላይ ሲሆን ዓይን ያርፍበታል። ጠጠሩን ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ አድርጉት፣ ጥልቀት ያለው ይመስላል። አንድ ዓይነት ድንጋይና አንድ ዓይነት እንጨት ይበቃል። ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ (1954–2015) ገንዳን እንደ ተፈጥሮ መልክዓ ምድር በማስዋብ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። በሥራዎቹ ውስጥ ብዙ ባዶ ቦታ አለ። የዓሣ መዋኛ ነው፣ እሱን አትሙሉት።

ጌጡን በየስንት ጊዜው ልጠብ? ቦታስ ልቀያይር?

አልጌ ሲይዘው ብቻ፣ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በብሩሽ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትፈትጉ፤ ውሃውን የሚያጣሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጌጡ ላይም ይኖራሉ። ፕላስቲኩ በጣም ከተበላሸ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ አጥቡት፣ ከዚያ ክሎሪን ማጥፊያ ባለው ውሃ ሽታው እስኪጠፋ አቆዩት። እንጨትና ቀዳዳ ያለው ድንጋይ በረኪናውን ስለሚመጥጡት ለእነሱ አይሆንም።

ቦታ ማቀያየር አብዛኛውን ጊዜ ዓሣውን ያስጨንቃል። ግን አንድ ጊዜ ይጠቅማል፦ ተደባዳቢ ሲክሊዶች ባሉበት አዲስ ዓሣ ስትጨምሩ። ድንጋዮቹን ስታዘዋውሩ የነባሮቹ ድንበር ይፈርሳል፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል፣ እንግዳው ፋታ ያገኛል።

የተረፈውን ተክል ወንዝ ውስጥ ብጥለውስ?

በፍጹም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአብዛኛው አበባው ያምራል ተብሎ ለጌጥ ስለተወሰደ ነው። በ2021 ደግሞ ለአኳሪየም የሚሸጡ የሞስ ኳሶች (እንደ ኳስ የከበቡ አረንጓዴ ጌጦች) ውስጥ "ዜብራ መስል" (zebra mussel) የተባለ ወራሪ፣ ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ አሜሪካ ውስጥ ተገኝቶ ኳሶቹ ከየሱቁ ተሰብስበዋል። የቆረጣችሁትን ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ አድርቁና ከቆሻሻ ጋር ጣሉት፣ ወይም ለአበባችሁ አፈር ጨምሩት። የገንዳውንም ውሃ እዚያው አበባው ላይ አፍስሱት፣ ናይትሬቱን ይወደዋል።